የጅምላ ቅርንጫፍ ቦታን በመረጃ ስለመምረጥ፦ ከጎንደር ለቀረበው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን በትክክል ተረድቼው ከሆነ፣ ጎንደር ውስጥ የምግብ ዘይት፣ ፓስታ፣ ዱቄት፣ ሳሙናና የመሳሰሉትን ሸቀጦች በጅምላ የሚያከፋፍሉበት አንድ ዋና መጋዘን አለዎት፤ አሁን አንድ ወይም ሁለት ቅርንጫፍ ለመክፈት አስበው ማራኪን፣ አዘዞንና ደባርቅን አጭተዋል፤ የየአካባቢውን የሕዝብ ብዛት የሚያሳይ ሰንጠረዥም አዘጋጅተው «በዚህ መረጃ ብቻ መወሰን ይቻላል? ካልተቻለስ ምን ልጨምርበት?» ብለው ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ ሥራ በጎንደርና በዙሪያዋ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። አንዱን ቅርንጫፌን መረጃውን አጣምሜ በማንበቤ ከፍቼ ዘግቼዋለሁ፤ ሌላው እስከ ዛሬ ይሠራል። ከሁለቱም የተማርኩትን ሳላሳጥር ልጻፍልዎ።

በሕዝብ ብዛት ብቻ መወሰን አይቻልም። አንደኛ ነገር፣ ሰንጠረዡ የተመሠረተበት ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቆጠራ የጎንደር ከተማ ሕዝብ 207,044 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ አልተካሄደም፤ ሊካሄድ የታሰበውም በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ከዚያ በኋላ የሚያገኟቸው አኃዞች በአሮጌው ቁጥር ላይ የዕድገት መጠን እየተጨመረ የተሰሉ ትንበያዎች ናቸው። ስለዚህ ሁለት ቦታዎችን ሲያነጻጽሩ በእርግጥ የሚያነጻጽሩት የ1999ን መልካቸውን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የትኛው ሰፈር እንደሰፋና የትኛው እንደቀዘቀዘ ሰንጠረዡ አይነግርዎትም። ሁለተኛውና ከዚህ የሚብሰው ምክንያት ደግሞ የእርስዎ ደንበኛ ነዋሪው አለመሆኑ ነው። ከእርስዎ የሚገዛው ባለሱቁ ነው፤ ባለሱቅ ደግሞ ዕቃ የሚገዛበትን ቦታ የሚመርጠው በመኖሪያው ሳይሆን በጉዞው ነው።

ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ዓመት ደረሰኞቼን ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ከከተማ ውጭ ከሚመጡት ደንበኞቼ መካከል ትልቁ ቁጥር በባሕር ዳር መንገድ ላይ ካለችው ከማክሰኝት ከተማ የሚመጣው ሆነ። «ይህን ያህል ሰው እየተጓዘ ከመጣልኝ፣ እዚያው ድረስ ብሄድለት ደግሞ እጥፍ ይገዛኛል» ብዬ አሰብኩ፤ መጋዘን ተከራይቼ፣ ሻጭና ጥበቃ ቀጥሬ ከፈትኩ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ቅርንጫፉ የሚመጣው አንድ ካርቶን ሳሙና ወይም ሁለት ጀሪካን ዘይት ድንገት ያለቀበት ባለሱቅ ብቻ ነበር፤ እሱም አብዛኛውን በዱቤ ይወስዳል። ትልልቆቹ ገዢዎች ግን እንደ ወትሮው ቅዳሜ ቅዳሜ ጎንደር ይመጣሉ።

አንድ ቅዳሜ ከዋናው መጋዘን በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ከማክሰኝት የሚመጡ የረጅም ጊዜ ደንበኛዬ ዘይት ሲያስጭኑ አገኘኋቸው። አይሱዙዋ ቆማለች፤ ወለሏ ላይ የተበተነው ሽምብራ ገና አልተጠረገም፤ ጫኞቹ ጀሪካኑን በሽምብራው ላይ እየገፉ ይደረድራሉ። «እትዬ፣ ደጅዎ ድረስ ከፍተንልዎ ሳለ እዚህ ድረስ ለምን ይደክማሉ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ እህሉን ላወርድ ቅዳሜ ገበያ መምጣቴ አይቀርም» አሉኝ። «መኪናው ባዶውን ከሚመለስ ዘይቱን ጭኜበት እገባለሁ። እዚህ ደግሞ ካንተ ሳልገዛ በፊት ሦስት ቤት ዋጋ ጠይቄ ነው፤ እዚያ ማንን ልጠይቅ?» ሴትዮዋ በዚህች አጭር መልስ ከእኔ የዓመት ቆጠራ የበለጠ ነገር ነገሩኝ። የደረሰኙ ቁጥር ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው የእኔ ንባብ ነው። ብዙ ደንበኛ ከአንድ ቦታ ይመጣል ማለት እዚያ ቅርንጫፍ ያስፈልጋል ማለት ላይሆን ይችላል፤ እንዲያውም የመጡበት ጉዞ በሌላ ምክንያት የተከፈለ ከሆነ፣ የእርስዎ ዕቃ የመልስ ጭነት ብቻ ነው ማለት ነው። የመልስ ጭነት የሚከፍለው የማጓጓዣ ዋጋ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ በደንበኛው ከተማ የሚከፍቱት ቅርንጫፍ የጭነቱን ወጪ ራሱ ከፍሎ ሊወዳደረው አይችልም። ያን ቅርንጫፍ በዓመቱ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ በደረሰኝ መዝገቤ ላይ ሦስት ዓምዶች ጨመርኩ፤ እርስዎም ከሁሉ አስቀድመው እነዚህን እንዲጨምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። የመጀመሪያው «ዕቃው የት ይወርዳል?» የሚል ነው፤ የገዢው ንግድ ፈቃድ የተመዘገበበት ቦታና ዕቃው የሚራገፍበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይለያያሉና። ሁለተኛው «ወደ ከተማ ምን ይዘው መጡ?» ነው፤ እህል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከብት፣ ወይስ ባዶ እጃቸውን ለእኛ ብለው ብቻ? ሦስተኛው «በምን ተጫነ?» ነው፤ በራሳቸው መኪና፣ በሕዝብ ማመላለሻ ጣሪያ፣ በባጃጅ ወይስ በጋሪ? ሻጩ ደረሰኝ እየቆረጠ በሁለት ደቂቃ ይጠይቃቸዋል፤ ሦስት ወር ሙሉ ከተሞላ በኋላ ግን የትኛውም የሕዝብ ብዛት ሰንጠረዥ የማይሰጥዎትን ሥዕል ያገኛሉ። ለቅርንጫፍ ዋናው መረጃ ባዶ እጃቸውን የሚመጡት ናቸው። እነሱ የሙሉውን ጉዞ ዋጋ የሚከፍሉት ለእርስዎ ዕቃ ሲሉ ስለሆነ፣ ቅርንጫፍ በትክክል የሚያቀልለው የእነሱን ሸክም ነው።

መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር ሲያስገቡ ሁለት ችግሮች ያጋጥሙዎታል፤ ሁለቱም ከእኛው ቋንቋና ከእኛው አቆጣጠር የሚመጡ ስለሆኑ የውጭ ማሠልጠኛዎች አያነሷቸውም። አንደኛው የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። አንዱ ሻጭ «ኃይሉ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ብሎ ይጽፈዋል፤ ኮምፒዩተሩም ሦስት ደንበኛ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። በሰ እና በሠ፣ በአ እና በዐ፣ በጸ እና በፀ የሚጻፉ ስሞችም እንዲሁ ናቸው። እኔ መጀመሪያ መዝገቤን ሳጣራ፣ ብዙ ትናንሽ ገዢዎች ያሉበት የመሰለኝ ሰፈር፣ እውነቱ ሲወጣ ጥቂት ትልልቅ ገዢዎች በተለያየ አጻጻፍ የተመዘገቡበት ሆኖ ተገኘ። ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም፤ ለብዙ ትናንሽ ገዢዎች ቅርንጫፍ ሊያስፈልግ ሲችል፣ ለጥቂት ትልልቅ ገዢዎች ግን መኪና መላክ ይበቃል። ስለዚህ ደንበኛን በስም አይለዩ። ባለ 10 አኃዙን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠቀሙ፤ እሱ በሌለበት ስልክ ቁጥር ይያዙ፤ አንዳንዱ ባለሱቅ ግን በ09ም በ07ም የሚጀምር ቁጥር ስላለው ሁለቱንም በአንድ መስመር ያስመዝግቡት።

ሁለተኛው የቀን ጉዳይ ነው። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን «30/02» ብለው ቢያስገቡ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል፤ ጳጉሜንም በ13 ቁጥር ሲያስገቡት ወይ እንደ ጽሑፍ ይይዘዋል፣ ወይ ለሌላ ቀን ይወስደዋል። በቀን ሲያጣሩ ወይም በወር ሲደምሩ እነዚያ ሽያጮች ተለይተው ይቀራሉ፤ ጥቅምት ደግሞ በእኛ አካባቢ ሊጎድል የሚገባው ወር አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መጻፍ። ወራትን ሲያነጻጽሩም ጾምን አይርሱ። በእኔ መዝገብ የዘይት ሽያጭ በጾም ወራት ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ዓመቱ ተለዋውጦ ስለሚገባ፣ የዘንድሮን የካቲት ከአምናው የካቲት ጋር ማነጻጸር ሊያሳስት ይችላል። የሁለት ዓመት ሁዳዴን ከሁዳዴ ጋር ቢያስተያዩ ይሻላል።

ወቅትን ካነሳሁ አይቀር፣ በእኛ አካባቢ መዝገብን በእጅጉ የሚያወዛውዘው የሰሊጥ ሥራ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለአጨዳ፣ ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ መተማና ወደ ሌሎቹ ቆላማ ወረዳዎች ይወርዳል፤ ለሠራተኛው የሚሆን ዱቄት፣ ፓስታ፣ ዘይትና ጨው በአዘዞ በኩል በአይከል መንገድ በገፍ ይሄዳል። መዝገብዎ የእነዚህ ወራት ብቻ ከሆነ «በመተማ መንገድ ባለችው ገንዳ ውሃ ዛሬውኑ ቅርንጫፍ ይከፈት» ይልዎታል፤ የግንቦት ብቻ ከሆነ ደግሞ በዚያ መስመር ማንም ያለ አይመስልም። ስለዚህ ቢያንስ የአንድ ሙሉ ዓመት መረጃ ሳይዙ የረጅም ጊዜ የኪራይ ውል አይፈርሙ። በዚያ ላይ መንገድ የተዘጋባቸውን ሳምንታት ለይተው ምልክት ያድርጉባቸው። በእነዚያ ሳምንታት የተመዘገበው ዜሮ ፍላጎት የለም ማለት አይደለም፤ ባለሱቁ መምጣት አልቻለም ማለት ነው። ሁለቱን ደባልቀው አማካይ ካወጡ፣ ከሁሉ በላይ ቅርንጫፍ የሚያስፈልገው መስመር ከሁሉ ደካማ ሆኖ ይታይዎታል።

ደረሰኝ የማያሳየው ሌላ ነገር አለ፤ ያልሸጡትን። መጋዘኑ በር ላይ አንድ ተራ ደብተር ያስቀምጡና ገዢ ጠይቆ ያጣውን ዕቃ፣ መጠኑንና የመጣበትን ቦታ ሻጩ እንዲጽፍ ያድርጉ። እኛ ዘንድ ይህን ደብተር «የለም» እንለዋለን። ከዚህ ደብተር ያገኘሁት ትልቁ ትምህርት፣ አንዳንድ ደንበኛ ወደ ሌላ አከፋፋይ የሚሄደው በርቀት ምክንያት ሳይሆን በአንድ ጉዞ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ቦታ ማግኘት ስለሚፈልግ መሆኑን ነው። ይህ ችግር በቅርንጫፍ አይፈታም፤ ዋናው መጋዘን ዕቃ ሲሟላለት ነው የሚፈታው።

አድራሻን በተመለከተ አጭር ምክር ልስጥ። በእኛ ከተማ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይዞ ሱቅ የሚያገኝ የለም፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ወፍጮ ቤቱን አለፍ ብሎ» ነው የሚባለው። ዕቃ የሚያደርሰው ሹፌርዎ ባራገፈ ቁጥር በስልኩ ጂፒኤስ ቦታውን እንዲይዝ ካደረጉ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ የደንበኞችዎ ካርታ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይሠራል።

ስለ ርቀት ግን ትንሽ ልቆይ። ስለ ገበያ ቦታ የተጻፉ ትምህርቶችን ካነበቡ፣ ዊልያም ሬይሊ በ1931 እ.ኤ.አ. ያቀረበውንና ዴቪድ ሃፍ በ1960ዎቹ ያሻሻለውን ሐሳብ ያገኛሉ፤ ፍሬ ነገሩ፣ አንድ ገበያ በትልቅነቱ መጠን ገዢን ይስባል፣ በርቀቱ መጠን ደግሞ ያርቀዋል የሚል ነው። ሐሳቡ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም የተሠራው ከቤቱ ተነሥቶ ለሚገዛ ሸማች ስለሆነ ለጅምላ ሲጠቀሙበት ሁለት ነገር መለወጥ አለብዎት። በኪሎ ሜትር ፋንታ የአንድ ኩንታል የማጓጓዣ ዋጋ ያስገቡ፤ የመልስ ጭነትና የመሄጃ ጭነት ዋጋቸው ስለሚለያይም ሁለቱን ለየብቻ ይያዙ። በስፋት ፋንታ ደግሞ የዕቃ ዓይነት ብዛትንና የሚሰጡትን ዱቤ ያስገቡ። እኔ በተግባር ያየሁት ከሁሉ የጠራው መለያ መስመር ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ ባለሱቁ ጠዋት ወጥቶ፣ ገዝቶና አስጭኖ፣ ማታ ቤቱ ይገባል ወይ? የሚገባ ከሆነ ወደ ትልቁ ገበያ መምጣቱን አይተውም። አድሮ መመለስ ካለበት ግን አልጋና ምግብ ከመክፈሉም በላይ ሱቁ ሁለት ቀን ስለሚዘጋ፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም አጠገቡ መግዛትን ይመርጣል።

አሁን ወደ ሦስቱ እጩዎችዎ ልመለስ። ማራኪ ከዋናው መጋዘንዎ ጋር በአንድ ከተማ ውስጥ ነው። እዚያ ቢከፍቱ አብዛኛው ሽያጭ ከራስዎ ኪስ ወደ ራስዎ ኪስ የሚዛወር ይሆናል ብዬ እፈራለሁ። ሒሳቡን በምሳሌ ልሥራው። የቅርንጫፉ የወር ወጪ፣ ኪራዩ፣ ደመወዙና ጥበቃው ተደምሮ 90,000 ብር ነው እንበል፤ የሚተርፍዎት ደግሞ 3 በመቶ ይሁን። ወጪውን ለመሸፈን 3,000,000 ብር አዲስ ሽያጭ ያስፈልግዎታል። ከቅርንጫፉ ሽያጭ 60 በመቶው ቀድሞም ከዋናው መጋዘን ሲገዙ ከነበሩ ደንበኞች የሚመጣ ከሆነ ግን አዲስ የሚባለው 40 በመቶው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቅርንጫፉ በወር 7,500,000 ብር መሸጥ አለበት ማለት ነው። በዕቃ መልክ መደርደሪያ ላይ የሚታሰረው ገንዘብ በዚህ ውስጥ ገና አልተቆጠረም። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ሱቆች ብዛት አያታልልዎት፤ ተማሪው በእረፍት ሲበተን ፍላጎታቸው አብሮ ይወርዳል፤ እነሱን በባጃጅ ማድረስ ይበቃል።

አዘዞ የተለየ ጉዳይ ነው፤ የሚሠራልኝ ቅርንጫፍም እዚያ ያለው ስለሆነ ወገንተኝነቴን አስቀድሜ ልናገር። አዘዞ ላይ የባሕር ዳሩ፣ የመተማውና የጎርጎራው መንገድ ይለያያሉ። ቅዳሜ ገበያ እህሉን አራግፎ ወደ ማክሰኝት፣ ወደ ቆላ ድባ ወይም ወደ አይከል የሚመለስ መኪና ሁሉ በዚያ ያልፋል። ማክሰኝት ላይ ያላገኘሁትን ገዢ አዘዞ ላይ ያገኘሁት ለዚህ ነው፤ መኪናው ከመንገዱ ሳይወጣ፣ የከተማው መሐል መጨናነቅ ሳያንገላታው፣ ሰፊ ግቢ ገብቶ በግማሽ ሰዓት ጭኖ ይወጣል። እኒያ የሽምብራ ነጋዴ ደንበኛዬም አሁን የሚጭኑት ከዚያ ነው። ቦታውን ሲመርጡ ግን መኪኖቹ ሲመለሱ በሚይዙት የመንገድ ጎን መሆኑን ያረጋግጡ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መንገድ ዳር ተቀምጠው በየመስመሩ ባዶውን የሚመለሰውንና ጭኖ የሚመለሰውን አይሱዙ ለየብቻ ይቁጠሩ፤ አራት ቅዳሜ ከቆጠሩ ይበቃዎታል። ባዶውን የሚያልፍ መኪና ብዙ ከሆነ ገበያ አለ።

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የደባርቅ ባለሱቅ ራሱ ደርሶ መመለስ ይችል ይሆናል፤ ከደባርቅ ወዲያ ያሉት የጃናሞራና የአዲ አርቃይ ባለሱቆች ግን ጎንደር ድረስ ከመጡ ማደራቸው አይቀርም። ስለዚህ ደባርቅን መመዘን ያለብዎት በከተማዋ ሕዝብ ሳይሆን ከጀርባዋ ባሉት ሱቆች ብዛት ነው። ለዚህ ደግሞ የእርስዎ ደረሰኝ አይበቃም፤ እስካሁን ያልመጣ ሰው ደረሰኝ ውስጥ የለምና። እዚያ ሄደው በገበያ ቀን መቁጠርና ባለሱቆቹን «ያለፈውን ዘይት ከየት አመጣችሁት? ስንት ቀን ወሰደባችሁ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከመክፈትዎ በፊት ደግሞ በመኪና ይሞክሩት። አንድ አይሱዙ በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው ቀን፣ ወደ ደባርቅ ዕቃ ይዞ ይውጣ፤ ለእያንዳንዱ ገዢ «ከዚህ በፊት ከጎንደሩ መጋዘናችን ገዝተው ያውቃሉ?» ተብሎ ይመዝገብ። ከላይ በምሳሌው የተጠቀምኩበትን 60 በመቶ በራስዎ እውነተኛ ቁጥር የሚተኩት በዚህ ነው። መኪናው በየሳምንቱ ዕቃውን ቀደም ብሎ ሸጦ እየጨረሰ ባዶውን መመለስ ከጀመረና አዲሶቹ ገዢዎች ከግማሽ በላይ ከሆኑ፣ ያን ጊዜ መጋዘን ይፈልጉ። ዱቤን በሙከራው ወቅት አይስጡ፤ ዱቤ ሲሰጥ ፍላጎቱ የዕቃው ይሁን የብድሩ መለየት አይቻልም።

የእኔን አስተያየት በቀጥታ ከጠየቁኝ፣ ማራኪን ይተዉት፣ አዘዞን ከቅዳሜዎቹ ቆጠራ በኋላ ይወስኑ፣ ደባርቅን ከመስከረም እስከ ጥር በመኪና ይፈትኑት። «የት ይወርዳል» የሚለው ዓምድ ለሦስት ወር ከተሞላ በኋላ የደንበኞቹን ስም አጥፍተው ሰንጠረዡን እዚህ ቢያስቀምጡት አብሬዎት ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።